ኢያጎን እንዴት እናንብበው? የአንድ ነገር ሠሪ ስልትና ምክንያት

የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ለፈተናም ሆነ ለመድረክ ዝግጅት የሚያነብ ሰው ፈጥኖ የሚያነሣው ጥያቄ ኢያጎ ይህን ሁሉ ጥፋት ለምን አደረሰ የሚለው ነው። ኢያጎ የቬኒስ ጦር አዛዥ የኦቴሎ ሰንደቅ ያዥ ነው፤ ሚስትህ ዴዝዴሞና ከምክትልህ ከካሲዮ ጋር ትማግጣለች ብሎ በሐሰት ያሳምነዋል፣ ኦቴሎም ይገድላታል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ንባቡን ከእሱ መጀመር ግን ያሳስታል፤ ኢያጎ ራሱ ምክንያት ሲደረድር የሚውል ሰው ስለሆነ አንዱን ምክንያት አምኖ የተነሣ አንባቢ ኢያጎ በቀደደለት መንገድ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ አስቀድመው እንዴት እንደሚሠራ ይመርምሩ፤ ለምን የሚለውን ከዚያ በኋላ ያንሡት።

ተውኔቱን መጀመሪያ ለታሪኩ ብለው እስከ መጨረሻው ያንብቡት። በአማርኛ ማንበብ ለሚሻ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም አለለት። በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ይያዙና ኢያጎ በሚናገርበት ቦታ ሁሉ በኅዳጉ ላይ የሚያዳምጠውን ሰው ስም ይጻፉ፤ ማንም ከሌለ «ብቻውን» ብለው ያመልክቱ። ኢያጎ ከኦቴሎ ከራሱ በላይ የሚናገር ገጸ ባሕርይ በመሆኑ ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም የዚህን ሰው ጠባይ የሚገልጥ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ውጤቱን ለማየት ሁለት ቦታዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በ2ኛው ገቢር 3ኛ ትዕይንት ካሲዮ ሰክሮ ተጣልቶ ሹመቱን ካጣ በኋላ መልካም ስሜ ጠፋ እያለ ሲያለቅስ፣ ኢያጎ መልካም ስም ማለት ብዙ ጊዜ ሳይገባን የምናገኘው፣ ሳናጠፋም የምናጣው ከንቱ ነገር ነው ብሎ ያጽናናዋል። በ3ኛው ገቢር 3ኛ ትዕይንት ደግሞ ይኸው ሰው ለኦቴሎ ገንዘቤን የሰረቀኝ እርባና የሌለውን ነገር ሰረቀ፣ መልካም ስሜን የወሰደብኝ ግን በእርግጥ ደሃ አደረገኝ ይለዋል። ይህ ሁለተኛው ንግግር ተነጥሎ እንደ ደራሲው ምክር ሲጠቀስ በየቦታው እናያለን፤ በተውኔቱ ውስጥ ግን ለተጎጂው የተዘጋጀ ማጥመጃ ነው። ሁለቱም አስተያየቶች የኢያጎ እምነት መሆናቸውን የሚያሳይ ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ለሰሚው ቁስል ልክ የተቆረጠ ነው።

ይህንኑ 3ኛ ትዕይንት ቀስ ብለው፣ መስመር በመስመር ያንብቡት፤ የተውኔቱ እምብርት እሱ ነው። ካሲዮ ዴዝዴሞናን አማልጅኝ ብሎ ሲለያት ኦቴሎና ኢያጎ ይደርሳሉ፤ ኢያጎም «ይህስ ደስ አላለኝም» ብሎ ያጉረመርማል። ኦቴሎ ምን አልክ ሲለው ምንም፣ ጌታዬ ብሎ ይሸሻል። ጥቂት ቆይቶ፣ ዴዝዴሞናን ባጩ ጊዜ ካሲዮ ፍቅራችሁን ያውቅ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው የኦቴሎን ቃል መልሶ ማስተጋባት ብቻ ነው ማለት ይቻላል፦ ኦቴሎ፣ ካሲዮ ታማኝ አይደለም ወይ ሲል «ታማኝ?»፣ ምን ታስባለህ ሲል «አስባለሁ?»። በዚህ ቦታ ክሱን በግልጽ የተናገረው ማን እንደሆነ ይፈልጉ፤ ኢያጎ እንዳልሆነ ያገኛሉ። ሊታይ የማይገባ አስፈሪ ነገር በሐሳብህ የደበቅህ ትመስላለህ የሚለው ኦቴሎ ነው። ኢያጎ ባፈገፈገ ቁጥር ኦቴሎ ይጎትተዋል፣ ዝምታውም ማስረጃ ይሆናል። ቅናትን አጥብቆ የሚያስጠነቅቀውም ራሱ ኢያጎ ነው፤ ቅናት የሚለውን ቃል በኦቴሎ ጆሮ ያስገባው በማስጠንቀቂያ መልክ ነው።

ቀጥሎም ኢያጎ የሚጠቀምበትን ጥሬ ዕቃ ይመርምሩ፤ ብዙው ውሸት አይደለም። አባቷን አታልላ ነው ያገባችህ የሚለው ቃል ገና በ1ኛው ገቢር በቬኒስ ሸንጎ ፊት አባቷ ብራባንሺዮ የተናገረው ነው፤ ኢያጎ ሰምቶ አስቀምጦት ነበር። ካሲዮን ዴዝዴሞናን አማልጂኝ በላት ማለቱም በራሱ መልካም ምክር ነው፤ ኢያጎም ብቻውን ሲሆን ይህን ምክር የሰጠ ሰው እንዴት ክፉ ይባላል ብሎ ይጠይቃል፣ ወዲያውም ከደግነቷ ሁሉንም የሚይዝ መረብ እንደሚሠራ ይናገራል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የኦቴሎን ባዕድነት የሚጠቀምበት መንገድ ነው። የአገሬን የቬኒስን ሴቶች ጠባይ እኔ አውቃለሁ፣ ከባሎቻቸው የሚሰውሩትን ለፈጣሪ ያሳያሉ ሲለው፣ ጥቁሩ የጦር አዛዥ የሚያመሳክርበት የአገር ልጅነት የለውም። በብዙ ጦርነት ያሸነፈው ሰው በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር በሚያገለግላት ከተማ እንግዳ መሆኑ ይነገረዋል፤ ይህን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ ያመኛል፣ ኢያጎም የቱን እንደሚነካ ያውቃል። አገሯን፣ መልኳንና ማዕረጓን የሚመስሉትን እንቢ ማለቷ አይገርምም ወይ ብሎም ይጨምርበታል።

ሆኖም ኢያጎን ሁሉን አስቀድሞ ያቀደ ሰው አድርገው እንዳይጽፉት ይጠንቀቁ። ዕቅዱ ገና ድብልቅልቅ ያለ መሆኑን ራሱ በ2ኛው ገቢር ይናገራል። ዴዝዴሞና የኦቴሎን ራስ ልታስር ስትል ኦቴሎ የሰጣት መሐረብ የወደቀው በአጋጣሚ ነው፤ የኢያጎ ሚስት ኤሚሊያ አንሥታ ለእሱ ሰጠችው፣ እሱም በካሲዮ ክፍል ጣለው፤ በ4ኛው ገቢርም ኦቴሎ ተደብቆ በሚያይበት ሰዓት የካሲዮ ወዳጅ ቢያንካ መሐረቡን ይዛ የመጣችው ማንም ልኳት አይደለም። ችሎታው የወደቀለትን ነገር ወዲያው ሥራ ላይ ማዋሉ ነው። የሰውን ድካም ለማወቅ ወደር የሌለው ይህ ሰው የሳተው በቤቱ ውስጥ ነው፦ ኤሚሊያ ዝም ትላለች ብሎ ገመተ፣ እሷ ግን ስለ መሐረቡ እውነቱን ተናገረች፤ ወግቶ ሲገድላትም ነገሩ ወጥቶ ነበር።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ ይመለሱ፤ በኅዳጉ የጻፏቸው ስሞች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። ኦቴሎ የምክትልነቱን ሹመት ለካሲዮ ሰጠብኝ የሚለውን አቤቱታ የሚሰማው ዴዝዴሞናን የሚመኘው ሮድሪጎ ነው፤ እሱም ገንዘቡን ለኢያጎ የሚያፈስና በዚያው ሰዓት የተቆጣ ሰው ስለሆነ ማሳመኛ ያስፈልገዋል። ኢያጎ ብቻውን ሲሆን ሌላ ምክንያት ያመጣል፦ ኦቴሎ ከሚስቴ ጋር ተኝቷል ይባላል፣ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ጥርጣሬው ግን እንደ እርግጥ ይበቃኛል። ቆይቶ ደግሞ ዴዝዴሞናን እወዳታለሁ ይላል፣ ካሲዮንም በሚስቱ ይጠረጥረዋል። በ3ኛው ገቢር 3ኛ ትዕይንት መጨረሻ ኦቴሎ ከእንግዲህ ምክትሌ አንተ ነህ ይለዋል፤ የተመኘውን ሹመት ካገኘ በኋላ ግን አላቆመም። እዚህች ቦታ ላይ ምልክት ሳያደርጉ አይለፉ፤ ነገሩ የሹመት ብቻ አለመሆኑን ታረጋግጣለች።

ገጣሚውና ሐያሲው ኮልሪጅ ይህን ሁሉ ምክንያት የሌለው ክፋት የሚያደርገው ምክንያት አደን ብሎታል። በግማሽ እስማማለሁ። በእኔ ፍርድ ለእውነቱ የሚቀርበው ቃል በ5ኛው ገቢር 1ኛ ትዕይንት ካሲዮ ይሙት ወይስ ይኑር ብሎ ሲያሰላ ያመለጠው ነው፦ በካሲዮ ሕይወት ውስጥ እኔን አስቀያሚ የሚያደርግ የዕለት ተዕለት ውበት አለ። ይህን ሲል የሚያሳምነው ሰው በአጠገቡ የለም።

ደራሲው ብዥታውን ሆን ብሎ እንደተወው ለማየት የታሪኩን ምንጭ ያነጻጽሩ። ጣሊያናዊው ቺንጽዮ በ1565 ባሳተመው ተረክ ሰንደቅ ያዡ ዴዝዴሞናን አፍቅሮ እሷ ልብ ስላላለችው ፍቅሩ ወደ ጥላቻ ይለወጣል፤ ነገሩ ግልጽ ነው። በኅዳር 1604 መጀመሪያ በንጉሥ ጄምስ ቤተ መንግሥት በታየው ተውኔት ግን ከዚያ ፍቅር የቀረው ኢያጎ ብቻውን ሲሆን የሚናገረው አንድ ቃል ነው።

ድርሰት የሚጽፉ ከሆነ እንግዲህ እያንዳንዱን ምክንያት ከተነገረበት ቦታና ከሰሚው ጋር ያቅርቡ፣ የትኛው እንደሚመዝንም በማስረጃ ይከራከሩ። ኦቴሎ በመጨረሻ ለምን ብሎ ሲያስጠይቀው ኢያጎ ምንም አትጠይቁኝ፣ የምታውቁትን ታውቃላችሁ፣ ከእንግዲህ ቃል አልናገርም ብሎ እምቢ ማለቱን አይዝለሉት፤ እሱ ያልሰጠውን መልስ እንደ ተረጋገጠ ነገር አይጻፉለት። ገጸ ባሕርዩን የሚጫወት ተዋናይ ግን ያለ አንዳች ምክንያት መድረክ ላይ መቆም አይችልምና አንዱን መርጦ ለራሱ ይያዝ፤ ለሮድሪጎ የሚናገረውን በሮድሪጎ ልክ፣ ለኦቴሎም በኦቴሎ ልክ ይናገር እንጂ የመረጠውን ለተመልካቹ ለመግለጥ አይሞክር።