ሸክላና ኦዲዮ ፍለጋ ውጭ ለምትሄዱ፦ እነዚህን ስህተቶች ተዉልኝ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ አምፕሊፋየርና የሸክላ ማጫወቻ እጠግናለሁ። ውጭ ደርሶ የመጣ ሰው የገዛውን ታቅፎ እኔ ጋ ይመጣል። የተሳካለት ግን አይመጣም። ስለዚህ የማውቀው የተበላሸውን ነው።

በሞል እንጀምር። ዱባይ የሄደ ሁሉ ዱባይ ሞል ዞሮ ዞሮ፣ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ጥቂት አዲስ ሸክላ አይቶ "ምንም የለም" ብሎ ይመለሳል። አሮጌ ሸክላ የሚሸጥ ሰው የሞል ኪራይ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? እኔስ ቱሉ ዲምቱ የገባሁት አየሩን ወድጄ ይመስላችኋል? እዛው ዱባይ አል ቁዝ የሚባል የመጋዘንና የጋራዥ ሰፈር አለ፤ አልሰርካል አቬኑ ግቢ ውስጥ ዘ ፍሊፕ ሳይድ የሚባለውን ሸክላ ቤት ፈልጉ። ጃፓንም ሃርድ ኦፍ የሚባሉት ያገለገለ ዕቃ መሸጫዎች ብዙዎቹ ከመሃል ከተማ ወጣ ብለው ነው ያሉት። ለንደን ሶሆ ያለው በርዊክ ስትሪት ብቻ ይለያል፤ መሃል ላይ ሆኖም ሸክላ ቤት አላጣም። ቶኪዮ ሺንጁኩ ስትሄዱ ደግሞ ዲስክ ዩኒየን የሚባለው ሸክላ ቤት አንድ ሱቅ እንዳይመስላችሁ። ጃዙ ሌላ በር፣ ሮኩ ሌላ በር ነው።

ኦዲዮ ቤት ካጣችሁ ካርታ ላይ አትፍጠጡ። ሸክላ ቤት ግቡና ሻጩን "ማጫወቻህ ሲበላሽ ማን ጋ ትወስደዋለህ?" በሉት። ጠጋኙ ከተገኘ ሌላው ሁሉ ይገኛል። ለሙያዬ አድልቼ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ አድልቻለሁ።

ቀኑን ሳታዩ አትሂዱ። ጀርመን እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፣ አለቀ። ፓሪስ በፈረንጆቹ ኦገስት ብዙ ትንንሽ ሱቆች ዘግተው እረፍት ይወጣሉ።

ውድ ኦዲዮ ቤት ስትገቡ አትሸማቀቁ። ቀድማችሁ ደውሉ ወይ ጻፉላቸው፣ "ዛሬ አልገዛም፣ መስማት ነው የፈለግኩት" በሏቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን በገዢ ስለሚጨናነቁ አትሂዱባቸው። ሻጩ በመረጠው ሙዚቃ ብቻ ሰምታችሁም አትወስኑ፤ በሻጩ ሙዚቃ መጥፎ የሚመስል ስፒከር አይቼ አላውቅም። ማሲንቆ ወይ ክራር ያለበት፣ ድምፁን በአካል የምታውቁትን ነገር ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ማሲንቆው ቫዮሊን ቫዮሊን ካላችሁ፣ ተሰናብታችሁ ውጡ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። መብራት! እኛ ጋ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ጃፓን 100 ቮልት ነው። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ሰው አኪሃባራ፣ የቶኪዮው የኤሌክትሮኒክስ ሰፈር፣ ይገባል፣ አምፕሊፋየሩ ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም ልብ ይሰርቃል፣ ይገዛዋል። እዚህ አምጥቶ በአዳፕተር ይሰካዋል። አዳፕተር እኮ የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም! ከዚያ እኔ ጋ ይመጣል፣ ሽታው ቀድሞት። ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃውን አዙሩት። ጀርባው ላይ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ ተጽፏል፤ 100 ብቻ የሚል ከሆነ ትራንስፎርመሩንም በጀታችሁ ውስጥ ክተቱ።

ትራንስፎርመር ገዝቻለሁ ብላችሁም አትኩራሩ። ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይነካም። ሞተሩ ሸክላውን በጎማ ቀበቶ (ቤልት) የሚያዞርላቸው ብዙ የድሮ ማጫወቻዎች ደግሞ ፍጥነታቸውን የሚያገኙት ከኸርዙ ነው። አንድ ጋሼ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን ይዘው መጡ። ትራንስፎርመሩ በደንብ ይሠራል፣ ማጫወቻው ንጹሕ ነው። ጥላሁንን አስቀመጡና "ልጄ፣ ጥልዬን ምን ነካው? አሞታል እንዴ?" አሉኝ። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ሲሄድ፣ በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር የነበረበት ሸክላ 28 ገደማ ብቻ ይዞራል። ድምፁ ይጎተታል፣ ይወፍራል። "ጋሼ፣ እሱ ደህና ነው፣ ሞተሩ ነው" አልኳቸው። ዲያሜትሩ በ20 በመቶ የሚበልጥ ፑሊ፣ ሞተሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ቤልቱን የሚያዞረውን ትንሽ መዘውር፣ ቶርኖ ቤት አስወጥተን ገጠምንላቸው። እሳቸው ዕድለኛ ናቸው፣ ፑሊው በቀላሉ የሚወልቅ ነበር። እንደ ቴክኒክስ 1200 ያሉት፣ ፍጥነታቸውን እንደ እጅ ሰዓት በኳርትዝ የሚቆጣጠሩት ማጫወቻዎች፣ ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ ለእነሱ ቮልቱን ብቻ ተጠንቀቁ።

የእኛን አገር ሸክላ ስታገኙ ልባችሁ አይዝለል። በ1969 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የተጀመረው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ኦሪጅናሎች ሰብሳቢዎች ጋ ውድ ናቸው። እንደገና የታተመውን በኦሪጅናል ዋጋ እንዳትገዙ ጀርባው ላይ ያለውን ዓመትና አሳታሚ አንብቡ። ለመስማት ብቻ ከሆነ አዲሱ እትም ይበቃል፣ ደግሞም አይንሻሻም። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የአክስታችሁን ቁም ሳጥን ላይ ያለውን አሮጌ ሻንጣ አስከፍቱ።

ማጫወቻውን ስትጭኑ ፕላተሩን፣ ሸክላው የሚቀመጥበትን ክብ ሳህን፣ አውልቁ፣ የክንዱን ክብደት ፍቱ፣ ክንዱን እሰሩ፣ መርፌውን በእጃችሁ ያዙ። ፕላተሩ ላዩ ላይ እንዳለ በሻንጣ የመጣ ማጫወቻ መሃል ዘንጉ ተጎድቶ ነው የሚደርሰው። ሸክላውን ከካርቶን ሽፋኑ አውጥታችሁ ከሽፋኑ ጀርባ አድርጉት፣ አለዚያ የሽፋኑን ጠርዝ ይሰነጥቀዋል። ሸክላው ሁሉ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ከቦሌ ስትወጡም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ጥላችሁ ምሳ እንዳትገቡ።

የታክስ ተመላሽም አለ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ ሱቅ የገዛችሁትን ይዛችሁ ስትወጡ ተመላሽ የለም፣ አትድከሙ። አውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ፎርሙን ሱቁ ውስጥ ስትከፍሉ ጠይቁ። ኤርፖርት ስትደርሱ ሻንጣ ከማስረከባችሁ በፊት ጉምሩክ ጋ ሂዱ፤ ዕቃውን አሳዩን ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ሻንጣው ከሄደ ደግሞ የምታሳዩት የለም።