የሸራ ቀዳዳ እንዳይቀደድ፦ የብረት ቀለበት አመራረጥና አገጣጠም

ሸራ ብዙ ጊዜ መቀደድ የሚጀምረው ገመድ ከሚገባበት ቀዳዳ ነው። መሃሉ ደህና ሆኖ፣ ቀለሙም ሳይለቅ፣ ጥግ ላይ በሚስማር የተበሳው ቦታ ብቻ ይሰነጠቅና ወደ ውስጥ እየሄደ እየሄደ አንድ ቀን ነፋስ ሲመጣ ለሁለት ይከፍለዋል። ይህን የምታስቆመው ትንሽ የብረት ቀለበት ናት። የጫማችሁ ክር የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለችው እሷ ናት። ባነር ጠርዝ ላይ አለች፣ ድንኳን ላይ አለች፣ የአይሱዙ ሸራ ላይ አለች፣ የልጆች ቦርሳ ላይም አለች። አይሌት ሲሏትም ትሰማላችሁ፣ እኔ እዚህ ቀለበት እያልኩ ልቀጥል።

አሁን ክረምት ሲመጣ መሃል ከተማ ላይ ስንቱ ሰው በሸራ ነው ንግዱን የሚያድነው። ቡና የምታፈላዋ፣ ጉሊት ያለችው፣ ሊስትሮው። ሸራ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ይህችን ስራ በደንብ ማወቅ ገንዘብ ነው።

ምን ታደርጋለች?

ያለ ቀለበት ገመድ ስታስሩ ጭነቱ በሙሉ የሚያርፈው ቀዳዳው አፍ ላይ ባሉ ጥቂት ክሮች ላይ ነው። ነፋስ ሸራውን ወዲያ ወዲህ ባለው ቁጥር ገመዱ እነዚያን ክሮች ይሞርዳቸዋል። ቀለበቷ ከተገጠመች ግን ከንፈሯ ሸራውን ከላይና ከታች ነክሶ ስለሚይዝ ጭነቱ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ይከፋፈላል፤ ገመዱም የሚያገኘው ለስላሳ ብረት እንጂ ክር አይደለም።

ነገር ግን እሷ ብቻዋን ተአምር አትሰራም። ነጠላ ስስ ሸራ ላይ ከመታችኋት ከነሸራው ቁራጭ ተገንጥላ ትወጣለች። እኔ ደጋግሜ የምለው ይህንን ነው፦ ጥንካሬው ያለው ከቀለበቷ ስር ባለው ድርብ ጠርዝ ላይ ነው። ካላመናችሁ በደንብ የተሰራ የእድር ድንኳን ጥግ ላይ ቀርባችሁ እዩ። ጠርዙ ታጥፎ ተሰፍቷል። ጥጉ ላይ ሌላ የሸራ ወይም የቆዳ ቁራጭ ተደርቧል፤ ስፌቱ ዙሪያውን አራት ማዕዘን ሰርቷል፤ ቀለበቷ መሃሉ ላይ ቁጭ ብላለች። ያ ድንኳን ስንት ለቅሶ ላይ ተተክሎ ተነቅሏል፣ በዝናብ ርሶ እንደተጠቀለለ ስንቴ ከርሟል፣ ጥጉ ግን እንዳለ ነው።

ስትገዙ

መርካቶ የጫማና የቦርሳ እቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቁ። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛዋ ነጠላ ናት፣ ቱቦዋ በጀርባ በኩል ተገልብጦ ቆዳውን ወይም ወረቀቱን ራሱ ይነክሳል። ሁለተኛዋ ከስር ሮንዴላ፣ ማለትም መሃሉ ክፍት የሆነ ስስ ክብ ብረት፣ አላት፣ ሁለት ሆነው ሸራውን መሃል ያስገቡታል። ለጫማ፣ ለቀበቶና ለወረቀት ነጠላዋ ትበቃለች። ለሸራ፣ ለባነርና ለድንኳን ባለሮንዴላዋን እንጂ ሌላ አትግዙ።

መጠኑ የሚለካው በውስጠኛው ቀዳዳ ስፋት ነው። ለባነርና ለሸራ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር፣ ለጫማ ከ4 እስከ 5 ይሆናል። ከመግዛታችሁ በፊት የምታስሩበትን ገመድ ይዛችሁ ሂዱና አስገብታችሁ ሞክሩ።

ማግኔት ካላችሁ እሱንም ያዙ። አጥብቆ ከሳባት ውስጧ ብረት ነው፣ ላይዋ ምንም ቢያብረቀርቅ ሲላጥ ትዝጋለች፣ ዝገቱም ሸራውን ያበላሻል። ለዝናብ የሚሆነው ናስ ነው። አሉሚኒየም አይዝግም፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ብዙ የሚጎተት ነገር ላይ አልወደውም።

መግጠሚያው ሶስት ነገር ነው፦ ክብ ቀዳዳ የሚያወጣ ብረት፣ ቀለበቷ የምታርፍበት ማረፊያና ከላይ የሚመታ ዘንግ። ሶስቱም ከቀለበቷ መጠን ጋር አንድ መሆን አለባቸው። መዶሻ ቤት ውስጥ ከሌላችሁ ምናለሽ ተራ ያገለገለ አይጠፋም።

አገጣጠሙ

መጀመሪያ ጠርዙን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እጠፉና ስፉት። ጥጎቹ ላይ ሌላ ቁራጭ ደርቡ። ይህንን ሳትጨርሱ መዶሻ አታንሱ።

ቀጥሎ ቦታዎቹን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከአራቱ ጥጎች ጀምሩ፣ ከዚያ መሃሉን እኩል አካፍሉ። ነፋስ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ፣ ካልሆነ እስከ 1 ሜትር ድረስ ማራቅ ይቻላል። ምልክቱ የታጠፈው ጠርዝ መሃል ላይ ይሁን፣ ወደ ዳር ከወጣ የሚነክሰው ነገር ያጣል።

አሁን ቀዳዳ። ከስር ወፍራም እንጨት አድርጉ፤ ሲሚንቶ ላይ ከመታችሁ የብረቱ ስለት ወዲያው ይደንዛል። ቀዳዳው ከቀለበቷ ቱቦ ትንሽ ጠበብ ይበል፣ በጣት ተገፍታ በግድ የምትገባ መሆን አለባት። ብዙ ሰው በመቀስ የመስቀል ቅርጽ ቆርጦ ያስገባታል። አታድርጉት። የመስቀሉ አራት ጫፎች ከከንፈሯ ውጭ ከወጡ መቀደዱ የሚጀምረው ከእነሱ ነው። ክብ ቀዳዳ ግን ጫፍ የለውም።

ቱቦ ያላትን ክፍል በሸራው ፊት በኩል አስገቡና ፊቷን ወደ ታች አድርጋችሁ ማረፊያው ላይ አስቀምጧት። ቱቦዋ በጀርባ በኩል ብቅ ይላል። ሮንዴላውን አልብሱት፣ ጎባጣ ጎኑ ወደ እናንተ ይሁን፤ ጥርስ ካለው ጥርሱ ሸራውን ይንከስ። ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ቱቦው ውስጥ አቁሙና መካከለኛ ምት ሶስት አራቴ ምቱ። አንድ ከባድ ምት ቱቦውን ይሰነጥቀዋል፤ ቀስ በቀስ ሲመታ ግን እየተገለበጠ ሮንዴላውን ያቅፈዋል። የምትመቱት ድንጋይ ወይም ጠንካራ መሬት ላይ ይሁን። የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ምቱ ግማሹ ይባክናል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ የታች ጎረቤት አለና ግቢ ወርዳችሁ ስሩት።

መጨረሻ ላይ በጣታችሁ አዙሯት። ካልዞረች ጨርሳችኋል። ከዞረች ደግማችሁ ምቱ። አሁንም ከዞረች ሸራው ሳስቶባታል ማለት ነውና በፒንሳ አውጥታችሁ ቆዳ ደርባችሁ አዲስ ግጠሙ። የቱቦዋ ጠርዝ ተሰንጥቆ እሾህ ካወጣም አትተዋት፣ ገመዱን እንደ ምላጭ ነው የምትበላው።

ሸራውን ስትወጥሩ

ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አትወጥሩት፣ አንዱን ጎን ዝቅ አድርጉት። መሃሉ ላይ 20 ሊትር ውሃ ከተጠራቀመ 20 ኪሎ ነው፤ አንድ ሙሉ ጀሪካን እነዚያ ቀለበቶች ላይ እንደመስቀል ማለት ነው። በገመዱና በቀለበቷ መካከል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ብታስገቡ ደግሞ ነፋሱ ሲጎትት ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ሸራው ይተርፋል።

ሌላስ የት ትጠቅማለች?

ቀበቶ ላይ ተጨማሪ ቀዳዳ ስታወጡ ነጠላዋን ምቱባት፣ ቆዳው አይሳብም። የጫማ ቀለበት ከወለቀ ጫማ ሰፊ ጋ የአምስት ደቂቃ ስራ ነው፣ ጫማውን አትጣሉት። በሸራ ጫማ ጎን ላይ ያሉት ትንንሾቹ ቀለበቶች ደግሞ ለክር ሳይሆን ለአየር ናቸው።

መጋረጃ ላይ ትልልቆቹ ይገባሉ፣ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሚሆኑት። ቁጥራቸው ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን፣ 8 ወይም 10። ጎደሎ ከሆነ ዘንጉ ላይ ሲሰካ አንዱ ጫፍ ወደ ግድግዳው ሌላው ወደ ክፍሉ ይዞርና መጋረጃው ጠማማ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ቦታ ግን ይህችን የብረት ቀለበት አትጠቀሙ። የኤሌክትሪክ ገመድ በላሜራ ቀዳዳ የሚያልፍበት፣ ለምሳሌ ምጣድ ላይ። እዚያ የሚገባው የጎማ ቀለበት ነው። ላሜራው የገመዱን ልባስ በልቶ ሽቦው አካሉን ከነካ ምጣዱ ሰው ይይዛል። የእናንተን ምጣድ ገልብጣችሁ እዩት፤ ጎማው ከወለቀ ወይም ከደረቀ ነቅላችሁ ሳታስጠግኑ አትጋግሩበት።