ርካሽ ዳክ ለላፕቶፕ ሙዚቃ፦ መቼ ይጠቅማል፣ ምን ይገዛ፣ እንዴት ይገጠም

የላፕቶፕ ድምፅ አልጥም ሲል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስፒከር መቀየር ነው። ከዘፈኑ ሥር እዝዝዝ የሚል ነገር ካለ ግን ስፒከር መቀየር አያድናችሁም። እንዲያውም ስፒከሩ ጥሩ በሆነ ቁጥር እዝዝታው ጎልቶ ይወጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘፈኑ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠው በቁጥር ነው። ቁጥሩን ጆሮ ወደሚሰማው የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረው ክፍል ዳክ ይባላል፤ ሁሉም ላፕቶፕ ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ ቺፑ ክፉ ሆኖ አይደለም የሚያስቸግረው፣ ቦታው ነው እንጂ፤ ከፕሮሰሰሩ፣ ከዋይፋዩና ከቻርጅ መስመሩ ጋር አንድ ቦርድ ላይ ተጨናንቆ ስለሚኖር የእነሱ ጩኸት ይጋባበታል። ውጭ የሚሰካ ዳክ ዋና ጥቅሙ ይህን ሥራ ከዚያ ግርግር ማውጣቱ ነው። ከዚህ ያለፈ ተአምር የሚነግራችሁ ሻጭ ካለ አትስሙት።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት መርምሩ። ዘፈን ክፈቱና የማጫወቻውን የራሱን ድምፅ ዜሮ አድርጉት፤ የዊንዶውሱ ድምፅ ግን ከፍ እንዳለ ይቆይ። አሁን መስመሩ ክፍት ነው፣ ዘፈን ግን የለም። ኢርፎን አድርጉና ማውሱን አንቀሳቅሱ፣ አንድ ገጽ ወደ ላይና ወደ ታች ሳቡ፣ ከፍላሽ ላይ ትልቅ ፋይል ኮፒ አድርጉ። ጭርርር የሚል ድምፅ ከእጃችሁ ጋር አብሮ ከሄደ በሽታው ተገኘ፤ ዳክ ያድነዋል። ስትጨርሱ የዊንዶውሱን ድምፅ ሳትቀንሱ ማጫወቻውን እንዳትከፍቱት፣ ጆሮ ይጎዳል።

ሁለተኛው ምርመራ በስፒከር ነው። ስፒከሩን ሰኩና የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ጩኸቱ ያን ጊዜ ጭጭ ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ በኋላ እመጣበታለሁ። ሦስተኛ፣ ያንኑ ፋይል በዚያው ኢርፎን ስልካችሁ ላይ ስሙት። እዚያም ያው ከሆነ ፋይሉን ወይም ኢርፎኑን ጠርጥሩ።

ምን ይገዛ? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ መጀመሪያ የምጠቁመው አፕል የሚሸጠውን ከታይፕ ሲ ወደ ኢርፎን ጃክ የሚቀይር አጭር ነጭ ገመድ ነው። አሜሪካ 9 ዶላር ይሸጣል። በዚያች ቀጭን ጫፍ ውስጥ ዳክም ትንሽ አምፕም (ድምፅ ማጉያ) አለ፤ በመሣሪያ ሲለካ ከእሱ ብዙ እጥፍ ከሚወደዱ ዕቃዎች ጎን ይቆማል። ዊንዶውስም ሊኑክስም ያለ ድራይቨር ያውቁታል። የአሜሪካው ወደ 1 ቮልት ያወጣል፣ ለአውሮፓ ገበያ የሚሠራው ግን ግማሹን ያህል ነው፤ ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ የአሜሪካውን እንዲያመጣ ንገሩት። ላፕቶፓችሁ ሰፊው የድሮ ዩኤስቢ ብቻ ካለው ትንሽ መቀየሪያ ጨምሩበት፣ ይሠራል። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን ድምፁ ዝቅ ስለሚል ለስልክ ብላችሁ አትግዙት።

ቤት ያለው ስፒከር ወይም አምፕ ከኋላው ቀይና ነጭ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ቤሪንገር ዩሲኤ202 ይሻላል። ቀይና ነጭ መሰኪያ በራሱ አለው፣ የኢርፎን ቀዳዳም አለው፣ በብርሃን የሚሄድ የኦፕቲካል መውጫም አለው። የሚሄደው እስከ 16 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ነው፣ ይበቃል፤ ኪሎኸርዙ ድምፁ በሴኮንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ፣ ቢቱ ደግሞ እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል ዝርዝር እንደሆነ ይነግራል። ካርቶን ላይ 384 ኪሎኸርዝ፣ 32 ቢት የሚል ጽሑፍ ስታዩ አትደናገጡ። ሲዲ 44.1 ኪሎኸርዝና 16 ቢት ነው፤ ይህም እስከ 22 ኪሎኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ይይዛል፣ የጤነኛ ወጣት ጆሮ ደግሞ 20 አካባቢ ያቆማል።

ደሴ ፒያሳም ሆነ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገዙ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው፣ ፍላሽ የምታህል፣ ሁለት ቀዳዳ ያላት፣ «7.1 ሳውንድ» የተጻፈባት ርካሽ ሳውንድ ካርድ ናት። በአንድ የኢርፎን ጃክ ግራና ቀኝ እንጂ ሰባት ስፒከር አይወጣም። ለኦንላይን ስብሰባ ትሆናለች፣ ለሙዚቃ ግን አልመክርም። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ አንዳንድ የታይፕ ሲ መቀየሪያ ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው፣ ዳክ የለውም፣ የሚሠራውም ለጥቂት ስልኮች ብቻ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ሰኩት። በድምፅ መውጫዎች ዝርዝር ላይ አዲስ ስም ካልመጣ ዕቃውን መልሱና ውጡ።

መግጠሙ የደቂቃ ሥራ ነው፣ አብሽሩ። በዩኤስቢ ማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። ሳውንድ ሴቲንግስ ገብታችሁ አዲሱን ስም ምረጡ። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ኢንሃንስመንት የሚል ካለ አጥፉት፤ ባስ ጨማሪ፣ ድምፅ አስፊ ምናምን የሚባሉት ሁሉ የተቀዳውን ያበላሻሉ። ፎርማቱን አብዛኛው ዘፈናችሁ በሆነበት፣ ማለትም 44100 (44.1 ኪሎኸርዝ) ላይ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ የምታዩት ቪዲዮ ከሆነ 48000። ስፒከር የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ የስፒከሩን ድምፅ እስከ ታች ቀንሱ፣ ከዚያ የኮምፒውተሩን ሙሉ አድርጉ፣ ከዚያ በኋላ ማስተካከሉ በስፒከሩ ቁልፍ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ከዳኩ የሚወጣው ድምፅ ከስፒከሩ ሹክሹክታ በላይ ከፍ ብሎ ይሄዳል። በኢርፎን ከሆነ ግን ከዝቅተኛው ጀምሩ።

አሁን ወደ ቻርጀሩ። ላፕቶፑም ስፒከሩም ግድግዳው ላይ ሲሰኩ በሁለቱ መካከል ጅረት ይዞራል፣ ምምምም የሚል ድምፅ ይመጣል። የዩኤስቢ ገመድም ይህን መስመር ይዞ ስለሚያልፍ ዳክ ብቻውን ላያስቆመው ይችላል፤ ዳክ ገዝተው የተናደዱ ሰዎች አብዛኛው ጉዳያቸው ይሄ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም ከአንድ የሶኬት ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። ካልሆነ በባትሪ አዳምጡ። ካልሆነ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የምትባል፣ ውስጧ ትራንስፎርመር ያላት ትንሽ ዕቃ በዳኩና በስፒከሩ መሀል ይገባል፤ በጣም ርካሿ ባሱን ትንሽ ትቀንሳለች። ስፒከራችሁ የኦፕቲካል መግቢያ ካለው በእሱ ግጠሙ፣ ብርሃን ኤሌክትሪክ አያሻግርም።

ፋይሉስ? እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ዳክ ገዝቶ የሚያጫውተው ከቪዲዮ ተቆርጦ፣ ተጨምቆ፣ እንደገና ተጨምቆ በፍላሽ የተቀባበሉትን ነው። አምስት ደቂቃ የሆነ ኤምፒ3 በሴኮንድ በ128 ኪሎቢት ከተጨመቀ 4.8 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፣ በ320 ደግሞ 12። መጠኑን አይታችሁ ገምቱ። የ128ን ፋይል ወደ 320 መቀየር ግን የጠፋውን አይመልስም፣ ቦታ ብቻ ይበላል።

ልዩነቱን ለመስማት የራሳችንን ሙዚቃ ተጠቀሙ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ከወሎ ጋር ስማቸው የተሳሰረ ነው፤ አንድ ክራር ወይም አንድ ማሲንቆ ብቻ ያለበትን ምረጡ። ክራሩ ከተመታ በኋላ ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ ተከታተሉት። በድሮው ቀዳዳ ጅራቱ እዝዝታው ውስጥ ይሰምጣል፤ በዳኩ እስኪጠፋ ድረስ ትከተሉታላችሁ። መንዙማም ግሩም መፈተኛ ነው። ድቤው ሲመታ መጀመሪያ የእጁ ጥፊ፣ ከዚያ የቆዳው ጉምታ ለየብቻ መሰማት አለበት፤ ተቀባዮቹም እንደ አንድ ጩኸት ሳይሆን እንደ ብዙ ሰው። ይህ ካልተሰማችሁና ፋይሉ ጥሩ ከሆነ የቀረውን ብር ኢርፎን ላይ አውሉት፤ ከዳክ ዳክ ከመቀያየር ይልቅ እዚያ ላይ የሚወጣው ብር ነው የሚሰማው።

ቤታችሁ ካሴት ካለ ደግሞ ዩሲኤ202 ሌላ ሥራም ይሠራል፣ መግቢያም አለውና። ከቴፑ የላይን መውጫ በቀይና ነጭ ገመድ ወደ እሱ አስገቡ፣ ነፃ የሆነውን የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ኦዳሲቲን ጫኑ፣ በ44100 ቅዱ። የድምፅ መለኪያው ከፍተኛው ቦታ ላይ ከቀነስ 6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጉ፤ ካለፈና ከተቆረጠ አይስተካከልም። የካሴቱ ሽሽታ አብሮ ይቀዳል፣ እሱ የካሴቱ ነው። መጀመሪያ ጥራት በማይቀንሱት በዌቭ ወይም በፍላክ ፎርማት አስቀምጡት፣ ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒ3 ከዚያ ታወጣላችሁ።