ከባድ ማሽን ኮንቴይነር ውስጥ ሲታሰር የሚሠሩ ስህተቶች

ከጅማ የተነሳ ኮንቴይነር ሰኮሩን አልፎ ወደ ጊቤ ሲወርድ፣ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ውስጡ ያለው ጄኔሬተር ወይም የቡና መቀሸሪያ ወደ ፊት ይገፋል። አስተሳሰሩ መታሰብ ያለበት ለዚያ ቁልቁለት ነው።

ትልቁ ስህተት «ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል» ማለት ነው። በመንገድ ጉዞ ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል የዕቃው ክብደት 0.8 ያህል፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 0.5 ተደርጎ ይሰላል። ስለዚህ 3 ቶን ጄኔሬተር በ2.4 ቶን ይገፋል። የብረት ቤዙ (ማሽኑ የተቀመጠበት መሠረት) ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃ የክብደቱ 0.3 ቢሆን የሚይዘው 0.9 ቶን ብቻ ነው፤ 1.5 ቶን ያዥ የለውም። ሰበቃው 0.6 የሆነ የማያንሸራትት ጎማ ከሥሩ ቢነጠፍ ቀሪው ወደ 0.6 ቶን ይወርዳል። ናፍታ ወይም ግሪስ ባልተጠረገበት ወለል ላይ ግን ይህ ሁሉ ሒሳብ ከንቱ ነው። ጅቡቲ ደርሶ መርከብ ላይ የሚጫን ከሆነም የጎኑ ግፊት እስከ 0.8 ስለሚደርስ ግራና ቀኙም መደገፍ አለበት።

ማሰሪያ ቀበቶው ላይ 2.5 ቶን የሚል ጽሑፍ አይቶ መተማመን ሌላው ነው። የወለሉ ማሰሪያ ቀለበት በተለምዶ የሚችለው 1 ቶን፣ የላይኛው 0.5 ቶን ብቻ ነው፤ ቀድሞ የሚነቀለው ቀለበቱ ነው። በዚያ ላይ በሩ ከታሸገ በኋላ የላላ ቀበቶ የሚያጠብቅ ሰው አይገባም። ዋናውን ግፊት እንጨት ይቀበለው፦ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር እንጨት ከፊተኛው ግራ ማዕዘን ቋሚ ብረት እስከ ቀኙ አጋድሞ፣ ከእሱ ወደ ማሽኑ ቤዝ መደገፊያ መምታት። የጎን ግድግዳው ሞገደኛ ላሜራ አንድ ነጥብ ላይ ሲገፋ ስለሚያብጥ፣ እዚያም ከግድግዳው ፊት ረጅም አግድም እንጨት ይግባ።

ቀበቶን በሞተሩ ላይ ማሳለፍም በጣም ይታያል። ሞተሩ የተቀመጠው ንዝረት በሚውጡ ጎማዎች ላይ ነው፤ መንገዱ ሲያነጥረው ጎማው ይጨመቃል፣ ቀበቶውም ይረግባል። የሚታሰረው ቤዙ ነው። ስለታም ጠርዝ ካለ መሃል ላይ መከላከያ ይደረግ።

ፎርክሊፍቱ ያደረሰበት በር አጠገብ ጥሎ መሄድ የሚያመጣው ጣጣ ክብደቱን ወደ አንድ ጫፍ ማከማቸት ነው። በኮንቴይነሩ ርዝመት በአንዱ ግማሽ ላይ ከጭነቱ ክብደት ከ60 በመቶ በላይ አይረፍ። ቤዙ ትንሽ ከሆነ ጫናውን የሚያሰራጩ ረጃጅም እንጨቶች ከሥሩ በኮንቴይነሩ ርዝመት አቅጣጫ ይነጠፉ።

እንጨቱስ? አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ እየደረቀ ሲኮማተር ግን በክረምት ጥብቅ ብሎ የገባው መደገፊያ ባዶ ቦታ ያበጃል። ዕቃው ከአገር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የታከመና ማህተም ያለበት እንጨት ያስፈልጋል፤ አለዚያ መድረሻው ላይ ሊያዝ ይችላል።

በሩ ከመዘጋቱ በፊት ናፍታው ተቀድቶ ይውጣ፣ የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ ጫፉም ይሸፈን።