ክሪያን በአፍንጫ ጀምሩ

ዮጋ የማስተምራቸው ሰዎች አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩኛል። «ለሜዲቴሽን ቁጭ ስል አፍንጫዬ ይታፈናል፣ ዓይኔ ይቅበዘበዛል፣ ከዚያ እንቅልፌ ይመጣል።» መጀመሪያ ሰውነታችሁን አዘጋጁ እላቸዋለሁ። ክሪያ የሚባለው ልምምድ ለዚህ ነው የሚሠራው።

ስሙን በተለያየ ቦታ ትሰሙታላችሁ። የጥንቱ የሕንድ ሊቅ ፓታንጃሊ ዮጋ ሱትራ በተባለው መጽሐፉ ላይ ክሪያ ዮጋ የሚለው ራስን መግዛትን፣ ራስን ማጥናትንና ለፈጣሪ መገዛትን ነው። በኩንዳሊኒ ዮጋ ደግሞ ተከታትሎ የሚሠራ የእንቅስቃሴና የትንፋሽ ስብስብ ነው። እኔ ሕንድ፣ ሪሺኬሽ ከተማ የተማርኩት በሰውነትና በትንፋሽ የሚሠራውን የሃታ ዮጋ ስድስት የጽዳት ሥራዎች ነው። ስቫትማራማ የተባለ ዮጊ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ ላይ ዘርዝሯቸዋል፦ ዳውቲ፣ ባስቲ፣ ኔቲ፣ ትራታካ፣ ናውሊ (የሆድ ጡንቻን ማሽከርከር) እና ካፓላባቲ።

እዚያው መጽሐፍ ላይ በጣም የምወደው ሐሳብ አለ። እነዚህ ሥራዎች የሚያስፈልጉት ስብና አክታ ለበዛበት ሰው ነው፤ ሌላው ባይሠራቸውም ይሆናል ይላል። ስለዚህ ስድስቱንም ካልሠራሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ጨርቅ የሚዋጥበትን ዳውቲና አንጀት የሚታጠብበትን ባስቲ ደግሞ ከቪዲዮ አይታችሁ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩ። አደራ!

ለጀማሪ የምመርጠው ከኔቲ ዓይነቶች ጃላ ኔቲን ነው፤ አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ። በተለይ አቧራና የመኪና ጭስ ሲስብ ለሚውል የከተማ ሰው ግሩም ነው። ዕቃው ሎታ ይባላል፤ ቀጭን አፍ ያለው ትንሽ ማንቆርቆሪያ ነው።

ውሃው ላይ ቀልድ የለም። የቧንቧ ውሃ እንዳለ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። ኔግለሪያ ፋውለሪ የምትባል አሜባ አለች። ቢጠጧት ምንም አታደርግም፤ በአፍንጫ ከገባች ግን ወደ አንጎል ወጥታ ትገድላለች። የሚያጋጥመው እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም መከላከያው እሳት ላይ መጣድ ብቻ ስለሆነ አትስነፉ። ዝቅ ባለ አገር ውሃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ውሃ ገና ሙቀቱ ሳይበረታ ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እናንተም ሦስት ደቂቃ አፍሉት። ከዚያ ከድናችሁ አቀዝቅዙት።

ለግማሽ ሊትር ውሃ ያልተከመረ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ደቃቅ ጨው በቂ ነው። በደንብ ይሟሟ። የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉና ሞክሩት፤ ለብ ያለ መሆን አለበት። አፍንጫችሁን ካቃጠለው ጨው አንሷል ወይም በዝቷል።

ሆዳችሁ ባዶ እያለ፣ ጠዋት ብትሠሩት ይመረጣል። መታጠቢያው ላይ ጎንበስ በሉ። ጭንቅላታችሁን ወደ ግራ አዘንብሉና የሎታውን አፍ ቀኝ ቀዳዳችሁ ላይ ግጠሙት። አፋችሁን ክፈቱ፤ የምትተነፍሱት በአፍ ብቻ ነው። ውሃው ራሱ መንገዱን ያገኛል፤ ግንባራችሁ ሥር ለብ ብሎ ያልፍና በግራ በኩል በቀጭኑ ይወርዳል። ጉሮሯችሁ ውስጥ ከገባ አገጫችሁን ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ግማሹን በቀኝ፣ ግማሹን በግራ።

ብዙ ሰው ችላ የሚለው ማድረቁን ነው። ወደ ፊት አጎንብሳችሁ ሁለቱም ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ቀስ እያላችሁ አስወጡት። አንዱን ደፍናችሁ በኃይል ብትናፈጡ ውሃው ወደ ጆሯችሁ ይሄዳል። ሎታውን እጠቡና ደርቆ ይደር። አፍንጫው ሙሉ በሙሉ የተደፈነ፣ የሚነስረው፣ ጆሮውን የሚያመው ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ይቆየው።

አፍንጫው ሲከፈት ካፓላባቲ ይከተላል። ትንፋሹን በሆዳችሁ እየገፋችሁ በአጭር በአጭሩ ታስወጣላችሁ፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ራሱ ይገባል። ሃያ ጊዜ ለመጀመሪያ ይበቃል። ነፍሰ ጡሮች፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም ሄርኒያ ያለባችሁ እለፉት።

ትራታካ ለሚቅበዘበዝ ዓይን ነው። ጧፍ ወይም ሻማ በዓይናችሁ ትክክል፣ አንድ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አቁሙ። መስኮቱን ዝጉ፤ ነበልባሉ ከተወዛወዘ ዓይን አያርፍም። ዓይናችሁ እንባ እስኪያቀር ሳታርገበግቡ ተመልከቱ። ከዚያ ጨፍኑ፤ የነበልባሉ ምስል ለጥቂት ጊዜ ይታያችኋል። ሐሳባችሁን እሱ ላይ አሳርፉ። ሜዲቴሽኑ እዚህ ላይ ተጀመረ ማለት ነው። ግላኮማ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረው።

ከሃይማኖታችን ጋር ይጋጫል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። የእነዚህ ሥራዎች ምንጭ የሂንዱ ትምህርት መሆኑን አልደብቃቸውም። ውሳኔው የራሳቸው ነው፤ የሚያማክሩት አባት ካላቸው ያማክሩ።

አንዳንዶች ደግሞ ጸጥ ብለው በተቀመጡበት ክንዳቸው ድንገት ይንቀጠቀጣል፣ ወይም እንባቸው ይመጣል። በሕንድ ትውፊት ይህም ክሪያ ይባላል። ሆን ብላችሁ አትቀስቅሱት፣ አትታገሉትም። ከበረታ ዓይናችሁን ግለጡ፣ ተነሡ፣ ትንሽ ተራመዱ፣ የሚቀመስ ነገር ቅመሱ። ከሜዲቴሽን ውጭም ከተከተላችሁ ልምምዱን አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ።