ከጀሪካን እስከ ሮቶ፦ በፕላስቲክ አጠቃቀም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር የቧንቧ ዕቃና የፕላስቲክ የቤት ቁሳቁስ መሸጥ ከጀመርኩ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከዚያ በፊት አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ። በየቀኑ ከሚገጥሙኝ ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፦ ገዢው «ፕላስቲክ» የሚለውን ቃል የአንድ ነገር ስም አድርጎ ይወስደዋል። እህል በረንዳ ሄዶ «እህል ስጡኝ» ብሎ የሚቆም ሰው የለም፤ ጤፍ ወይም ገብስ ይላል፣ የጤፉንም ዓይነት ይመርጣል። እኔ ሱቅ ሲገባ ግን «ጠንካራ ፕላስቲክ» ካለ የበቃ ይመስለዋል።

ትዕግሥቴን ከሁሉ በላይ የሚያስጨርሰኝ የጀሪካን ነገር ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። በቅርቡ አንዲት እናት 20 ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው መጡና «ልጄ፣ በፈላ ውሃ አጠብኩት፣ በኦሞ አጠብኩት፣ በረኪና አሳደርኩበት፤ ሽታው አልለቅ አለኝ። ምን ላድርግበት?» አሉኝ። ጀሪካኑ ክረምቱን ሙሉ ነጭ ጋዝ ተቀምጦበት ከርሟል፤ አሁን የታሰበው ለጠላ ነው። «እማማ፣ በዚህ ጀሪካን ጠላ አይቀመጥም» ብላቸው፣ አዲስ ልሸጥላቸው የፈለግኩ መስሏቸው ቅር አላቸው።

ነገሩ ግን የእጥበት ጉድለት አይደለም። ጀሪካን የሚሠራው ጥቅጥቅ ካለው የፖሊኢትሊን ዓይነት ነው። ፖሊኢትሊን ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ የተያያዙበት እጅግ ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ ነጭ ጋዝም ከእነዚሁ ሁለት ንጥረ ነገሮች የተሠሩ አጫጭር ሰንሰለቶች ድብልቅ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ዘመድ ደግሞ በር ላይ አይቆምም፣ ዘልቆ ይገባል። ጋዙ ገጹ ላይ ተለጥፎ የቀረ እድፍ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ የሰረገ በመሆኑ፣ ሳሙናውም በረኪናውም ላዩን አጥበው ይመለሳሉ፤ የሰረገው ግን በቀጣዮቹ ሳምንታት ጥቂት በጥቂት እየወጣ ወደ ተቀመጠው መጠጥ ይገባል። ዘይት ከሆነማ የባሰ ነው፤ ዘይት ለጋዝ ከውሃ ይልቅ ይቀርበዋልና አጥብቆ ይስበዋል። ስለዚህ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ የቀለም ማቅጠኛ ወይም የተባይ መድኃኒት አንድ ጊዜ የገባበት ጀሪካን ለምግብም ለመጠጥም አይመለስም። ከምናለሽ ተራ ያገለገለ ጀሪካን የሚገዛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ማሽተት ብቻ አይበቃውም፤ ክዳኑን ገጥሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ያቆየውና ያን ጊዜ ይክፈተው፤ ሙቀቱ የተደበቀውን ሽታ ያወጣዋል። ሽታ የሌለው መርዝ በዚህም ስለማይታወቅ፣ ቀድሞ ምን እንደያዘ የሚናገር ሰው ከሌለ አለመግዛት ነው።

በቀይ ወጥ የቀላ የፕላስቲክ ሳህንም ምስጢሩ ይኸው ነው። የበርበሬው ቀለም በቅባት የሚሟሟ በመሆኑ ሳህኑ ወደተሠራበት ፕላስቲክ፣ ወደ ፖሊፕሮፒሊኑ፣ ይሰርጋል፤ በሽቦ መፈግፈግ ይቧጭረዋል እንጂ አያነጣውም፤ ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይሻላል።

ሌላው ለሙቅ ውሃ ፒቪሲ መዘርጋት ነው። ካዛንቺስ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ያሠራ አንድ ደንበኛዬ ዋጋው ረከሰለትና ከቦይለር እስከ መታጠቢያ ቤት ያለውን መስመር በፒቪሲ አዘረጋው። ቀዝቃዛው ውሃ በሰላም ወረደ፤ ቦይለሩ በተከፈተ በሳምንቱ ግን ቧንቧው በሁለት ማሰሪያዎች መካከል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረገበ። ተራው ፒቪሲ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ግፊት ተሸክሞ ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊሠራበት አይገባም። ለሙቅ መስመር የሚሆነው ፒፒአር የሚባለው የፖሊፕሮፒሊን ቧንቧ ነው። እርሱም ቢሆን ላዩ ላይ የተጻፈው የግፊት ደረጃ በ20 ዲግሪ ውሃ የተሰላ ስለሆነ፣ ውሃው በሞቀ መጠን የሚችለው ግፊት እንደሚቀንስ መዘንጋት የለበትም። በዚያ ላይ ይለጠጣል፦ 10 ሜትር ፒፒአር ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ መላወሻ ሳይተዉለት ከግድግዳ ግድግዳ ቢወጥሩት መቆልመሙ አይቀርም።

ስለ ፒፒአር ብየዳ ስናገር በራሴ ላይ መሳቅ አለብኝ። ማሽኑ 260 ዲግሪ ደርሶ፣ 20 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ 5 ሰከንድ ብቻ መሞቅ ሲገባው፣ እኔ «በደንብ ይያዝ» እያልኩ እስከ 15 እቆጥር ነበር። የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ቀዳዳውን ሊደፍነው ደረሰ፤ የእህቴ የኩሽና ቧንቧ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፤ እርሷም ውሃ የቀነሰው በፈረቃው ምክንያት ነው እያለች ወራት ከረመች፣ እኔም መጋጠሚያውን ቆርጬ እስካየው ድረስ አብሬያት አማሁ። ስለዚህ ጊዜ ያበዛ ጀማሪ አያናድደኝም። የጋለውን ቧንቧ እየጠመዘዘ የሚያስገባውን ግን እቆጣዋለሁ።

የተሰነጠቀ ሮቶ በማስቲሽ ወይም በሱፐር ግሉ መጠገን ገንዘብ መጣል ነው። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ማጣበቂያ የማይጨብጠው ገጽ አላቸው፤ የሚያዋጣው ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ በተሠራ ዘንግና በሞቃት አየር መበየድ ነው። የመጥበሻ እጀታ ደግሞ ብየዳም አይቀበልም፤ የሚሠራበት ባኬላይት፣ ኬሚስቱ ቤከላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የፈጠረው ፕላስቲክ፣ አንድ ጊዜ ከጠነከረ ይከስላል እንጂ ተመልሶ አይቀልጥም።

ከፖሊፕሮፒሊን ክር የተሸመነውን ነጭ ማዳበሪያ ጣሪያ ላይ ወጥሮ ዓመታት እንዲቆይ መጠበቅ የዋህነት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ ብርቱ ነው፤ ሰንሰለቱን እየበጣጠሰ ማዳበሪያውን ሲነኩት የሚረግፍ ያደርገዋል። ጥቁሩ የፖሊኢትሊን ቧንቧ የጠቆረውም ለጌጥ ሳይሆን፣ 2 በመቶ ያህል የተቀላቀለበት የካርቦን ጥላሸት ይህን ጨረር ስለሚመክትለት ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ሮቶ በበኩሉ ውስጡ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል።

ከዕቃው ግርጌ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚታየው ቁጥር የጥራት ደረጃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ሲጀመር የታሰበው ፕላስቲኩን በዓይነቱ ለመለየት ብቻ ነበር፦ 1 የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት፣ 2 የጀሪካኑ ፖሊኢትሊን፣ 3 ፒቪሲ፣ 4 ለስላሳው ፖሊኢትሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን፣ 6 ፖሊስታይሪን፣ 7 ሌላው ሁሉ። አንድ ወጣት ትኩስ ምሳ የሚይዝለት ሣጥን ፈልጎ መጥቶ፣ ቁጥር 5 ያለበትን ባሳየው «አምስተኛ ደረጃማ አልወስድም፣ ቁጥር 1 የለህም?» አለኝ። ለትኩስ ምግብ ግን የሚሻለው ቁጥር 5 ነበር፤ ፖሊፕሮፒሊን እስከ 160 ዲግሪ ገደማ አይቀልጥም። ቁጥር 1 የሆነው ሃይላንድ ግን 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ ሲሠራ ተወጥሮ የተነፋ ስለሆነም ሙቀት ሲያገኝ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሊመለስ ይኮማተራል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢሆንም ሃይላንዱን ለማጨማደድ ይተርፋል። ሻይ በፔርሙስ ይያዝ።

ከሰልን በፌስታልና በፕላስቲክ ቁርጥራጭ ማቀጣጠል የመጨረሻው ነው። የሚነደው ቁራጭ ከኤሌክትሪክ ሽቦ የተላጠ ፒቪሲ ከሆነ፣ ጭሱ ጉሮሮንና ዓይንን የሚያቃጥል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይሸከማል፤ ያ ጭስ ደግሞ ቡና ከሚቆላበት ምድጃ ነው የሚወጣው። የሚጠራጠር ሰው ውጭ ሜዳ ላይ ሆኖ የመዳብ ሽቦ በእሳት ያግል፣ የጋለውን ጫፍ ከፕላስቲኩ ላይ ነካ ያድርግና ወደ ነበልባሉ ይመልሰው፤ እሳቱ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት ማለት ነው።