ስልካችሁ ባገኘው ዋይፋይ ሁሉ ላይ እየሄደ እንዳይለጠፍ እንዴት ማድረግ ይቻላል

ስልክ ዋይፋይ ላይ በራሱ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን እናንተ ስላስገባችሁት ነው። አስተናጋጇን ፓስወርድ የጠየቃችሁበት ካፌ፣ የአክስት ቤት፣ የለቀቃችሁት መሥሪያ ቤት፣ የሆቴል ሎቢ፣ ጓደኛችሁ ለአምስት ደቂቃ የከፈተላችሁ ሆትስፖት፤ ሁሉም ስልኩ ውስጥ ተመዝግበው ቁጭ ብለዋል። በአጠገባቸው ባለፋችሁ ቁጥር ስልኩ ሳያስፈቅድ ዘው ይላል።

ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ሲቸግረው ነው። ሱፐርማርኬት ካሸሯ ጋ ቆማችሁ በስልክ ልትከፍሉ ነው። የክፍያው አፕ ላይ ክቧ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ አትቆምም። ከኋላችሁ ሰልፍ አለ፤ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጥቅል እንዳላችሁ ደግሞ እርግጠኛ ናችሁ፣ ጠዋት ነው የገዛችሁት። ከላይ ጥግ ስታዩ የዋይፋይ ምልክቱ በአንዲት መስመር በርቷል። ፎቁ ላይ ያለው ካፌ ነው፤ ባለፈው ወር ማኪያቶ የጠጣችሁበት።

ስልክ ዋይፋዩ ውስጥ ጭራሽ ኢንተርኔት ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ወደ ዳታ ይመለሳል። መከራው ኢንተርኔቱ ኖሮ ሲንፏቀቅ ነው። «አለ» ብሎ ይቀመጣል፣ እናንተም አብራችሁ ትቀመጣላችሁ።

አብዛኞቻችን ስልካችንን በእንግሊዝኛ ስለምንጠቀም የሴቲንጉን ስሞች እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ።

መጀመሪያ የቤታችሁን ፓስወርድ ያዙ

ስታጸዱ እጃችሁ አምልጦ የቤታችሁን ዋይፋይ ልታጠፉት ትችላላችሁ። ያን ፓስወርድ ደግሞ መስመሩን የዘረጋው ቴክኒሻን ነው የሞላው፣ ቤት ውስጥ የሚያስታውሰው ሰው የለም። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የኔትወርኩን ስም ነክታችሁ «ሼር» ስትሉ ኪውአር ኮድ ያወጣላችኋል፤ ብዙ ስልክ ላይ ፓስወርዱም ከሥሩ ተጽፎ ይታያል። አይፎን ከአይኦኤስ 16 (የአይፎኑ ሲስተም ቁጥር ነው) ጀምሮ ከስሙ ጎን በክብ ውስጥ ያለችውን የእንግሊዝኛ ፊደል «አይ» (i) ስትነኩ «ፓስወርድ» የሚል መስመር አለ። ወረቀት ላይ ጻፉትና ራውተሩ ሥር ለጥፉት። አለቀ።

አንድሮይድ ላይ

«ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ኢንተርኔት»። ታች ስትወርዱ «ሴቭድ ኔትወርክስ» የሚል ታገኛላችሁ። የስልካችሁ ትዝታ ሁሉ እዚያ አለ። አንዱን ስትነኩ «ኦቶ ኮኔክት» የምትባል ማብሪያና ማጥፊያ አለች፤ አጥፏት። «ፎርጌት» ካላችሁ ደግሞ ኔትወርኩ ከነፓስወርዱ ይጠፋል።

ሳምሰንግ ከሆነ «ኮኔክሽንስ»፣ ከዚያ «ዋይፋይ»። የገባችሁበት ኔትወርክ ጎን ያለችውን የማርሽ ምልክት ስትነኩ «ኦቶ ሪኮኔክት» አለች። አጠገባችሁ የሌሉትን ለማግኘት ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች፣ «አድቫንስድ ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ማኔጅ ኔትወርክስ»። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ ሬድሚ ላይ ቦታው ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ሜኑ ውስጥ ከመንከራተት ሴቲንጉ አናት ላይ ያለችው መፈለጊያ ውስጥ «ሴቭድ ኔትወርክስ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ ራሱ ያደርሳችኋል።

ከሁለቱ የቱን ልምረጥ ለምትሉ፦ ፓስወርድ ያለውና ተመልሳችሁ የምትሄዱበት ቦታ ከሆነ ኦቶ ኮኔክቱን ብቻ አጥፉ። ስትፈልጉ ስሙን ትነካላችሁ፣ ይገባል። ተመልሳችሁ የማትረግጡት ቦታ ከሆነ ፎርጌት። ፓስወርድ የሌለው ክፍት ዋይፋይ ከሆነ ሁልጊዜ ፎርጌት፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። በራሱ እንዲገባ የሚፈቀድለት የቤታችሁ ብቻ ይሁን። ቢሮውን እንኳ እኔ በእጄ ነው የማስገባው።

አይፎን ላይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

መንገዱ አጭር ነው። «ሴቲንግስ»፣ «ዋይፋይ»፣ ከስሙ ጎን ያለችው «አይ»፣ «ኦቶ ጆይን»። አጥፉ። ከአይኦኤስ 16 ወዲህ ከላይ «ኤዲት» የሚል አለ፤ ፊታችሁን ወይም ኮዳችሁን ጠይቆ የተመዘገቡትን በሙሉ ይዘረግፍላችኋል። ከዚያ በፊት ባለው ስልክ ላይ ግን አጠገቡ ያልሆናችሁትን ዋይፋይ መርሳት አይቻልም ነበር። የሐዋሳውን ሆቴል ለማጥፋት ሐዋሳ መሄድ ነው። የድሮ አይፎን የያዘ ሰው ከሆቴሉ ሳይወጣ ያጥፋ።

አሁን ሰው የሚጠመድበትን እንይ። እዚያው የዋይፋይ ገጽ ታች ላይ «አስክ ቱ ጆይን ኔትወርክስ» የሚል አለ። ሦስት ምርጫ አለው፦ «ኦፍ»፣ «ኖቲፋይ»፣ «አስክ»። ስሙን ያነበበ ሰው ሁሉ ወይ «አስክ» ያደርገዋል፣ «ካሁን በኋላ ጠይቆኝ ነው የሚገባው» ብሎ፤ ወይ «ኦፍ» ያደርገዋል፣ «ጨርሶ ዘጋሁት» ብሎ። ሁለቱም አይሠራም። ይህ ምርጫ የሚመለከተው ስልኩ ከዚህ በፊት የማያውቃቸውን ኔትወርኮች ብቻ ነው። የሚያውቃቸው ላይ የቱንም ብትመርጡ ዝም ብሎ ይገባል። አፕል ራሱ ከሥሩ በትናንሽ ፊደል ጽፎታል፣ ማን ያነበዋል እንጂ። «ኦፍ» ማድረጉ አይጎዳም፣ በየመንገዱ «ይህን ዋይፋይ ልግባ?» እያለ መነዝነዙን ያቆማል። የካፌውን ዋይፋይ የሚያቆመው ግን በእያንዳንዱ ስም ውስጥ ያለችው «ኦቶ ጆይን» ብቻ ናት።

ሁለተኛው ወጥመድ ከስክሪኑ ጥግ ወደ ታች ሲጎተት የሚመጣው ሰሌዳ ላይ ያለችው የዋይፋይ ምልክት ናት። ስትነኳት ሰማያዊው ይጠፋል፣ የጠፋ ይመስላል። አልጠፋም። አሁን ካለበት ኔትወርክ ወጣ እንጂ ዋይፋዩ ለኤርድሮፕ (የአፕል ፋይል መላላኪያ) እና ለአፕል የእጅ ሰዓት ሲባል ውስጥ ለውስጥ እንደበራ ነው። ስልኩም «እስከ ነገ» ይላችኋል። ነገ ማለት ለእሱ 5:00 ኤኤም ነው፣ በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ተኝታችሁ ሳለ ተመልሶ በራሱ መግባት ይጀምራል። ከዚያም በፊት ሌላ ቦታ ከሄዳችሁ ወይም ስልኩን አጥፍታችሁ ካበራችሁ እገዳው ይነሳል። «ማታ አጥፍቼው ተኝቼ ጠዋት በርቶ አገኘሁት፣ ስልኬ ተጠለፈ መሰለኝ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አልተጠለፈም፣ 11 ሰዓት ሆኖ ነው። በትክክል ለማጥፋት ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ነው።

እዚያው ገጽ ላይ «ኦቶ ጆይን ሆትስፖት» የሚል አለ፤ «ኔቨር» በሉት።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የስልክ ኩባንያችሁ የሚያስተዳድራቸው ዋይፋዮች ከሲም ካርዱ ጋር ይመጣሉ። እናንተ አንድም ቀን ሳትነኳቸው ስልኩ ይገባባቸዋል። ስሙ ጎን ያለችውን «አይ» ነክቶ ኦቶ ጆይኑን ማጥፋት ነው።

ራሱን የሚያበራ ዋይፋይ

አንድሮይድም የራሱ ተንኮል አለው። «ኔትወርክ ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ተርን ኦን ዋይፋይ ኦቶማቲካሊ» የሚል አለ። ይህ ከበራ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ብትወጡም ከሚያውቀው ዋይፋይ አጠገብ ስትደርሱ ራሱ ያበራዋል። ሳምሰንግ ላይ «ኢንተለጀንት ዋይፋይ» ውስጥ ነው ያለው። አጥፉት። እዚያው ያለውን «ስዊች ቱ ሞባይል ዳታ» ግን አብሩት፤ ዋይፋዩ ሲንፏቀቅ ወደ ዳታ የሚያሻግራችሁ እሱ ነው። አይፎን ላይ ተመሳሳዩ «ዋይፋይ አሲስት» ይባላል፣ «ሴሉላር» ገጽ መጨረሻ ላይ አለ። ጥቅሉ የሚቆጠርበት ሰው ግን ይጠንቀቅ፣ ቤት ቁጭ ብሎ ቪዲዮ ሲያይ ዳታ ሊበላበት ይችላል።

ክፍት ዋይፋይን ለምን ጨርሶ እንደምታጠፉ

ስልክ ዋይፋይን የሚለየው በስሙና በጥበቃው ዓይነት ነው። የቤታችሁን ስም አስመስሎ ሌላ ሰው ዋይፋይ ቢያቆም ፓስወርዱን ካላወቀ ስልካችሁ ሞክሮ ይመለሳል። ክፍት ዋይፋይ ላይ ግን ፓስወርድ ስለሌለ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ስሙን ደግሞ ማንም ይጽፈዋል። «ፍሪ ዋይፋይ» የሚባል ኔትወርክ አንድ ቀን ኤርፖርት ገብታችሁበት ከነበረ፣ ሌላ ከተማ ሌላ ሰው በዚያው ስም ክፍት አድርጎ ቢያቆም ስልካችሁ የድሮ ወዳጁን ያገኘ መስሎት ይገባል። የካፌ ፓስወርድም ቢሆን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ያው ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ማስፈራራት አልፈልግም። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽና የባንክ አፕ የሚልከውን ነገር ቆልፎ ነው የሚልከው፣ ዋይፋዩን ያቆመው ሰው እንዲሁ ከፍቶ አያነበውም። የትኞቹን ድረ ገጾች እንደምትከፍቱ ግን ሊያይ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ገና ስትገቡ የሚመጣው «ለመቀጠል ይግቡ» የሚለው ገጽ ነው። እዚያ ላይ የኢሜይልና የፌስቡክ ፓስወርድ የሚጠይቅ ዋይፋይ ካያችሁ ውጡ፣ ከዚያም ፎርጌት።

የቤታቸውን ዋይፋይ ስም የሚደብቁ ሰዎችም አሉ፣ ጎረቤት እንዳያይ ብለው። አልመክርም። ስሙ የተደበቀ ዋይፋይ የተመዘገበበት ስልክ የሚያገኘው ስሙን እየጠራ ስለሆነ፣ ታክሲ ውስጥም መርካቶም «እገሌ አለህ ወይ?» እያለ እንደሚዞር ልጅ ይሆናል። ጎረቤት እንዳያይ የደበቃችሁት ስም ከተማው ውስጥ ይጠራል። ጠንካራ ፓስወርድ ይበልጣል።

ሆትስፖት ከሆነ

ይህ ከደኅንነት ይልቅ የኪስ ጉዳይ ነው። አንዴ ሆትስፖት የከፈታችሁለት ሰው ሁሉ መሣሪያው ያስታውሳችኋል። በሚቀጥለው ስትከፍቱ ከናንተ ላፕቶፕ በፊት የወንድማችሁ ታብሌት ይገባል። የአጎቴ ልጅ ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ገብቶ የዊንዶውስ አፕዴቱን ቁጭ ብሎ አወረደና የወር ጥቅሌን ከሰዓት በፊት ጨረሰው። ላፕቶፕ ዋይፋይ ሲያይ «የማያልቅ ኢንተርኔት ነው» ብሎ ያስባል።

እንግዶቹን አንድ በአንድ መለመን አያስፈልግም። የሆትስፖታችሁን ፓስወርድ ቀይሩ፣ የሁሉም ትዝታ በአንድ ጊዜ ዋጋ ያጣል። አንድሮይድ ላይ ተጠቃሚ ከሌለ ሆትስፖቱን ራሱ የሚያጠፋ ምርጫም አለ፤ አብሩት። ሳምሰንግ ላይ «ኦቶ ሆትስፖት» የሚለውን አጥፉ፣ አይፎን ላይ ቤተሰብ ከተያያዘ «ፋሚሊ ሼሪንግ» ውስጥ «አስክ ፎር አፕሩቫል» አድርጉት። የራሳችሁ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ከሆነ «ሜተርድ ኮኔክሽን» (ተቆጥሮ የሚከፈልበት ኢንተርኔት ነው ማለት ነው) የሚለውን አብሩለት፣ አደብ ይገዛል።

የማልወዳቸው አቋራጮች

«ሪሴት ኔትወርክ ሴቲንግስ» ሁሉንም በአንድ ምት ያጠፋል የሚሉ አሉ። ያጠፋል። ግን የቤታችሁን ዋይፋይ፣ እንደ ስልኩ ዓይነትም የብሉቱዝ ማዳመጫችሁን ወይም ያስገባችሁትን ቪፒኤን ይዞ ነው የሚሄደው። ዝርዝሩ ተቆጥሮ የማያልቅ ካልሆነ በእጅ ማጽዳት ይሻላል።

የሰው ዋይፋይ ፓስወርድ የሚያሳዩ አፖችን ደግሞ ከጫናችሁ ዛሬውኑ አውጡ። አፑ ፓስወርዱን የሚያገኘው ከሌሎች ተጠቃሚዎች ነው፤ እናንተም አንዷ ተጠቃሚ ናችሁ፣ የቤታችሁም ፓስወርድ በዚያው መንገድ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ በላይ ስልኩን በየሰፈሩ እያስገባ የሚያዞረው እሱ ራሱ ነው። ሴቲንጉን ስታስተካክሉ ብትውሉ እሱ እያለ ዋጋ የለውም።

መፈተን

የጸዳውን ካፌ በር ላይ ቁሙ። ዋይፋዩን ከሴቲንግ አጥፍታችሁ አብሩት፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ታይቶ ካልገባ ተሳክቷል። ከገባ ምናልባት ካፌው ሁለት ስም አለው፤ ብዙ ራውተር መጨረሻው ላይ «5ጂ» የሚል ሁለተኛ ስም ያወጣል፣ ስልኩም ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚመዘግበው። ሁለተኛውንም አጥፉት።